ቁመት ይቀነስ፣ ውፍረት አይቀነስ፦ ለተራራ ጉዞ የሚሆን የካሜራ መቆሚያ አመራረጥ

በእግር እየተጓዙ መልክዓ ምድርን በፎቶግራፍ ለማስቀረት ለሚሹ ሰዎች ከካሜራውና ከሌንሱ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ካሜራውን የሚሸከመው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ በተለምዶ ትራይፖድ የሚባለው መሣሪያ፣ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሁለት ፍላጎቶችን ማስታረቅ ይጠይቃል፤ ዳገት የሚወጣ ሰው በጀርባው ላይ የሚጨመርበትን እያንዳንዱን ግራም ይጠላል፤ ካሜራው ግን ከሥሩ ያለው ነገር በጸና ቁጥር የጠራ ምስል ይሰጣል፤ ጽናትም ብዙውን ጊዜ ክብደትን አስከትሎ ይመጣል። አብዛኛው ገዢ ይህን ግጭት የሚፈታው በሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀጭኑንና ቀላሉን በመምረጥ ነው፤ ይሁን እንጂ የመሣሪያውን አሠራር ቀረብ ብሎ ያጤነ ሰው ክብደት መቀነስ ያለበት ከእግሮቹ ውፍረት ሳይሆን ከቁመታቸው እንደሆነ ይረዳል።

የዘመኑ ካሜራዎች የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ሥርዓት በውስጣቸው ስለያዙ ትራይፖድ ጊዜው አልፎበታል የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ለሠርግ፣ ለከተማ ጎዳናና ለሰው ምስል እውነትነት ቢኖረውም ለመልክዓ ምድር ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም መልክዓ ምድር በጣም የሚያምርበት ሰዓት ብርሃኑ በጣም የሚያንስበት ሰዓት ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከጅንባር ፏፏቴ ትይዩ ቆሞ የሚወረወረውን ውሃ እንደ ነጠላ ለስላሳ አድርጎ ማሳየት የሚፈልግ ሰው የካሜራውን ሸተር፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሰከንድ ያህል ክፍት ማድረግ ይኖርበታል። የሌሊቱን ሰማይ የሚያነሣ ሰው ደግሞ ከዚያም አልፎ መሄድ ይገደዳል፤ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው የግምት ስሌት 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ማካፈል በመሆኑ በ20 ሚሊ ሜትር ሌንስ 25 ሰከንድ ይገኛል፤ ይህን ያህል ጊዜ ካሜራን ሳያነቃንቅ የሚይዝ እጅ የለም። በሰሜን ተራሮች ኬክሮስ የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ እምብርት ከደቡብ አድማስ በላይ እስከ 48 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል፤ በሚያዝያ ወር ሰማዩ ጥርት ካለ እዚህ ከፍታ ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት በድንኳን ውስጥ ከመተኛት ይልቅ ውጭ መቆምን የመረጠ ሰው ያለ ትራይፖድ ከዓይኑ በቀር ምንም የሚያስቀርበት ነገር አይኖረውም።

በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ንጋትና ምሽት አጭር ነው። አገሪቱ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ቀለሙን ይዞ የሚቆይበት የመጀመሪያው የድንግዝግዝ ክፍል በሰሜኑ ተራራማ አካባቢ ከ21 እስከ 24 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይዘልቃል። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ወራት ይኸው ክፍል ከዚህ እጥፍ የሚያህል ጊዜ ስለሚወስድ ፎቶግራፍ አንሺው እግሮቹን ለመዘርጋትና ቦታ ለመቀያየር ፋታ ያገኛል፤ በሰሜን ተራሮች እሜት ጎጎ በተባለው ጫፍ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,926 ሜትር ከፍታ፣ የቆመ ሰው ግን መሣሪያውን ለማቆም 5 ደቂቃ ከፈጀበት የብርሃኑን አንድ አምስተኛ አባክኗል ማለት ነው። ስለሆነም ለተራራ የሚመረጥ መቆሚያ ቀላልና ጽኑ ከመሆኑ በተጨማሪ በፍጥነት የሚዘረጋ መሆን ይገባዋል።

ጽናት ሲባል ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሴንሰር፣ ማለትም በካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ፣ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ 24 ሚሊዮን ፒክስል በሚይዝበት ጊዜ የእያንዳንዱ ፒክስል ስፋት 6 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር 6 ሺኛ እጅ ይሆናል። በ100 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲነሣ፣ የሌንሱ ጫፍ ካሜራው ከቆመበት ነጥብ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚገኝ ከሆነ፣ ምስሉን በአንድ ፒክስል ለማዛነፍ ያ ጫፍ 6 ማይክሮን ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ይበቃል፤ ይህም ከሰው ጠጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ግን መሣሪያው ከዚህ አራት እጥፍ የሚበልጥ ንቅናቄ ይፈቅዳል። እንግዲህ ሰፊ ሌንስ ብቻ የሚጠቀም ተጓዥ ቀለል ያለ መቆሚያ ይበቃዋል፤ ከገደሉ ማዶ ተደራርበው የሚታዩትን ሰማያዊ ሸንተረሮች በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀርቦ ለማንሣት የሚፈልግ ደግሞ የበለጠ ጽኑ ነገር ያስፈልገዋል። ገዢ አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ ያለበትም ረጅሙ ሌንሴ ስንት ነው ብሎ ነው።

ከክብደት ጋር የሚደረገው ትግል እንደ ፎቶግራፍ ጥበብ ሁሉ የቆየ ነው። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በ1927 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር በዮሰሚቲ የሚገኘውን ሃፍ ዶም የተባለ ዐለታማ ተራራ በታዋቂው ፎቶግራፉ ባስቀረበት ዕለት ትልቅ ካሜራ፣ 12 የመስታወት ፕሌቶችና የእንጨት ትራይፖድ ተሸክሞ በረዶማውን ዳገት ወጥቷል፤ ሸክሙ ወደ 18 ኪሎ ግራም ይደርስ ነበር። እንጨትን አሉሚኒየም ተካው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፈረንሳይ የተመሠረተው ጊትዞ የመጀመሪያውን የካርቦን ፋይበር ትራይፖድ ለገበያ አቀረበ። ካርቦን ፋይበር እጅግ ቀጫጭን የካርቦን ክሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠሩበት ጽኑ ቁስ ሲሆን፣ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አሉሚኒየም 2.7 ግራም ሲመዝን ይኸው መጠን ያለው የካርቦን ፋይበር ቁስ 1.6 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትልቅ ቢሆንም በመሣሪያው ላይ ሲታይ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ማያያዣዎቹ፣ ብሎኖቹና ካሜራው የሚገጠምበት ራስ ያው ብረት ሆነው ይቀራሉ። ፒክ ዲዛይን የተባለው ድርጅት በሁለቱም ቁስ የሚያመርተው የጉዞ ትራይፖድ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ አሉሚኒየሙ 1.56 ኪሎ ግራም፣ ካርቦኑ 1.27 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ልዩነታቸው 290 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ለገበያ ሲቀርቡ ግን የመጀመሪያው 350 ዶላር ገደማ፣ ሁለተኛው 600 ዶላር ገደማ ነበር። ካርቦን ከቅለቱ ሌላ ንዝረትን ቶሎ ያበርዳል፤ ቅዝቃዜንም እንደ አሉሚኒየም ወደ እጅ አያስተላልፍም፤ ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሚወርድባቸው በሰሜን ተራሮች የግጭና የጨነቅ ሰፈሮች፣ ወይም በባሌ በሳነቴ አምባ ላይ ለሚያድር ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል አሉሚኒየም ከድንጋይ ጋር ቢጋጭ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ ካርቦን ግን በጠንካራ ምት ሊሰነጠቅ ይችላል። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው በአሉሚኒየም መቆሚያ ማፈር አይገባውም፤ 290 ግራም ማለት ከአንድ ሩብ ሊትር ውሃ ጥቂት የሚበልጥ ክብደት ነው፣ ይህንንም ከሻንጣው ሌላ ነገር በመቀነስ ማካካስ ይቻላል።

የጽናት ዋና ምንጭ ከቁሱም በላይ የቱቦው ውፍረት ነው። ግድግዳው ቀጭን የሆነ ቱቦ የመጉበጥ ተቃውሞው በዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ልክ ያድጋል፤ በመሆኑም የግድግዳቸው ውፍረት አንድ የሆነ ሁለት ቱቦዎች፣ አንዱ 22 ሌላው 28 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ቢኖራቸው፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ብቻ የጨመረው ቱቦ ከእጥፍ በላይ ጽኑ ይሆናል። የቁመት ሒሳብም በዚሁ መንገድ፣ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል፤ አንድ ዘንግ ከጫፉ ሲገፋ የሚጎብጠው መጠን በርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚጨምር የ150 ሴንቲ ሜትር እግር ወደ 120 ሴንቲ ሜትር ቢያጥር በቀላል ስሌት ሲገመት ጽናቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በውፍረትም በእጥረትም የሚገኘው ትርፍ ተመሳሳይ ነው፤ ይሁን እንጂ ውፍረት ክብደት ይጨምራል፣ እጥረት ደግሞ ክብደት ይቀንሳል። ለተጓዥ ከዚህ የተሻለ ንግድ የለም።

በተግባር ግን ገበያው ተቃራኒውን ያደርጋል። ሲታጠፍ በጣም እንዲያጥር፣ ሲዘረጋ ደግሞ በጣም እንዲረዝም ሲባል እግሩ እርስ በርስ በሚገቡ አምስት አንጓዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ አንጓ ከበላዩ ካለው በሦስት ወይም በአራት ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ ከላይ 28 ሚሊ ሜትር የነበረው እግር መሬት የሚነካው እንደ ጣት በቀጠነ ዘንግ ይሆናል፤ ካሜራውን ከነፋስ ጋር የሚያስወዛውዘውም ይኸው የመጨረሻው አንጓ ነው። ባለ ሦስት አንጓ እግር ጽኑና ለመዘርጋት ፈጣን ቢሆንም ታጥፎ ረጅም ስለሆነ ከሻንጣ በላይ ብቅ ብሎ ቅርንጫፍ ይይዛል። ለእግር ጉዞ አራት አንጓ፣ ከላይ ቢያንስ 25፣ ቢቻል 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እግር ተገቢው መካከለኛ መንገድ ነው፤ የነፋሱ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ማለትም ነፋሱ እጥፍ ሲፈጥን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ነፋስ ሲበረታ አምስተኛውን አንጓ ሳይዘረጋ መተውን የለመደ ሰውም በባለ አምስት አንጓ መሣሪያ መገልገሉ አይከፋም።

ካሜራ ከዓይን ትክክል መቆም አለበት የሚለው እምነትም ያለ ምክንያት ክብደት ያስከፍላል። 170 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሰው ዓይኑ በ160 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይገኛል፤ ከዚህ ላይ የመቆሚያው ራስ ቁመት 10፣ ካሜራው እስከ መመልከቻው ድረስ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀነስ እግሮቹ 140 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢደርሱ ሳይጎነበስ ሊሠራ ይችላል። የብዙዎቹ የአሁን ካሜራዎች የኋላ ማሳያ መስታወት ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ መሥራት እንኳ አያስቸግርም፤ በገደል አፋፍ ላይ የጓሳ ሣርን ወይም ጅብራን ከፊት አድርጎ ተራራውን ከኋላ የሚያስቀምጥ ምስልም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ዝቅ ያለ ካሜራ ነው። ቁመት የሚያስፈልግበት እውነተኛ ምክንያት ቁልቁለት ነው፤ በተዳፋት መሬት ላይ ወደ ታች የሚወርደው እግር ከሌሎቹ ሃያና ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ረዝሞ መዘርጋት ስላለበት ጥቂት ትርፍ መያዝ ብልህነት ነው።

ከእግሮቹ መሐል የሚወጣው ምሰሶ ግን ቁመት ተብሎ መቆጠር የለበትም። ምሰሶው አንድ ብቻውን የቆመ ዘንግ ስለሆነ ከፍ ባለ መጠን የሦስቱን እግሮች ጽናት ያባክናል፤ አምራቾች በማስታወቂያቸው የሚጽፉት ከፍተኛ ቁመት ደግሞ በአብዛኛው ምሰሶው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ የተለካ ነው። ገዢው መመልከት ያለበት ምሰሶው ሳይነሣ ያለውን ቁመት ነው፤ ምሰሶውን ፈትቶ እቤት መተው የሚቻልበት መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ክብደቱም ይቀንሳል፣ ካሜራውም ወደ መሬት ይቀርባል።

የአንጓ መቆለፊያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው በማዞር የሚጠብቅ ሲሆን ሁለተኛው እንደ ምላስ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። የሚዞረው ቅርንጫፍ አይዝም፣ በአንድ እጅም ብዙውን በአንድ ጊዜ መፍታት ይቻላል፤ ምላሱ ደግሞ መዘጋቱን ከሩቅ ያሳያል። ሁለቱም ከአሸዋና ከጭቃ ካልጸዱ ይበላሻሉ፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ይልቅስ ብዙ ገዢን የሚያሳስተው በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው የመሸከም አቅም ነው። አምራቾች ሁሉ የሚገዙበት አንድ የመለኪያ ሥርዓት ስለሌለ 8 ወይም 10 ኪሎ ግራም ይሸከማል የሚለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የሚነግረው መሣሪያው ሳይወድቅ የሚይዘውን ክብደት እንጂ ሳይነዝር የሚይዘውን አይደለም። ካሜራውና ሌንሱ ሁለት ኪሎ የማይሞሉ ተጓዦች ይህን ቁጥር ቢተዉት የሚጎድልባቸው ነገር የለም።

እግሮቹን የመረጠ ሰው ራሱን መምረጥ ይቀረዋል። ራስ የሚባለው በእግሮቹ አናት ላይ ተገጥሞ ካሜራውን የሚያዘነብለው ክፍል ነው፤ በተለምዶ በሦስት ስምንተኛ ኢንች ብሎን ከእግሮቹ ጋር፣ በሩብ ኢንች ብሎን ደግሞ ከካሜራው ጋር ይያያዛል። በሦስት እጀታዎች በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀሰው የቆየ ዓይነት ለትክክለኛ አሠላለፍ ጥሩ ቢሆንም ከባድ ነው፤ እጀታዎቹም ከሻንጣ ጋር ይጣላሉ። ለጉዞ የሚመረጠው ቦልሄድ፣ ማለትም በጽዋ ውስጥ በተቀመጠ የብረት ኳስ የሚሠራው ራስ ነው፤ አንድ ማጥበቂያ ሲላላ ካሜራው በፈለገው አቅጣጫ ሁሉ ይዞራል፣ ሲጠብቅ ባለበት ይቆማል። ብርሃኑ ሃያ ደቂቃ ብቻ በሚቆይበት ቦታ ይህ ፍጥነት ዋጋ አለው።

ኳሱ የሚቆመው በሰበቃ ነው። ጽዋው ኳሱን ሲጨብጥ የሚፈጠረው ሰበቃ ካሜራውን ከሚያዘቀዝቀው ክብደት ጋር ይታገላል፤ ኳሱ በሰፋ ቁጥር ሰበቃው ከመሐሉ ርቆ ስለሚሠራ በትንሽ ማጥበቅ ብዙ ይይዛል። ለቀላል ካሜራና ለአንድ መካከለኛ ሌንስ ከ30 እስከ 36 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ኳስ ይበቃል፤ እንዲህ ያለው ራስ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 400 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ያነሱ፣ በመቶ ምናምን ግራም የሚቆጠሩ ራሶችም ይሸጣሉ፤ እነዚህ ግን በአነስተኛ ኳሳቸው ላይ ካሜራው ወደ ጎን ሲዘነብል መንሸራተት ይቀናቸዋል። ከእግሮቹ መቶ ግራም ከመቀነስ ይልቅ ከራሱ መቶ ግራም መቀነስ የበለጠ ይጎዳል ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም እግሩ ደካማ ቢሆን አንጓ አሳጥሮ ማጽናት ይቻላል፤ ደካማ ራስ ግን ምንም ማሻሻያ የለውም።

የጥሩ ቦልሄድ መለያ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ማጥበቂያው ከተቆለፈና እጅ ከለቀቀ በኋላ ካሜራው ምን ያህል እንደሚያዘቅዝቅ ነው፤ ርካሽ ራሶች ከተቆለፉ በኋላ በጥቂቱ ዝቅ ስለሚሉ ፎቶግራፍ አንሺው አድማሱን ደጋግሞ ሲያስተካክል ብርሃኑ ያመልጠዋል። ሁለተኛው የሰበቃ መቆጣጠሪያ ነው፤ ይህች ትንሽ ማስተካከያ ዋናው ማጥበቂያ ሲላላ እንኳ ኳሱ በተወሰነ ክብደት እንዲንቀሳቀስ ስለምታደርግ ካሜራው በድንገት ወደ ጎን ወድቆ ሌንሱ ከእግሩ ጋር እንዳይጋጭ ትከላከላለች። በራሱ ሥር ያለው ጎን ለጎን የሚያዞር ክፍል ፓኖራማ ለሚያነሡ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እግሮቹ ካልተስተካከሉ አድማሱ እያዘነበለ ስለሚሄድ መጀመሪያ እግሮቹን በውሃ ልክ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ካሜራውን ከራሱ ጋር የሚያገናኘው ፕሌት የሚባል ቁራጭ ብረት ነው። ከተለያዩ ዓይነቶች መካከል በሰፊው የተለመደው አርካ ስዊስ ከተባለው አምራች ስያሜውን ያገኘው፣ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውና ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለ ቅርጽ ነው፤ የሌላ ድርጅት ፕሌትም ብዙ ጊዜ ስለሚገጥመው ገዢው ከዚህ ሥርዓት ባይወጣ ይሻለዋል። ልኩ በይፋ የተደነገገ ስላልሆነ በአምራቾች መካከል ጥቃቅን ልዩነት አለ፤ በብሎን የሚጠብቅ መያዣ ይህን ልዩነት ይችለዋል፤ በምላስ የሚዘጋው ግን አንዳንዱን ፕሌት ላላ አድርጎ ሊይዝ ስለሚችል ሁለቱ አብረው መሞከር አለባቸው።

በጠቅላላው ከአንድ ኪሎ ተኩል የማይበልጥ ካሜራና ሌንስ ለሚይዝ ተጓዥ እግሩና ራሱ ተደምረው ከ1.5 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ሚዛናዊ ነው። በሰሜን ተራሮች ዕቃ የሚሸከሙ በቅሎዎች ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ሰፈር ስለሚሄዱ መቆሚያው በበቅሎ ይጫናል ብሎ ከባዱን መግዛት አያዋጣም፤ በሚፈለግበት ሰዓት ከባለቤቱ ጀርባ ላይ መገኘት አለበት። ነፋስ ሲበረታ የካሜራውን ማንገቻ መፍታት፣ ወፍራሞቹን አንጓዎች ብቻ መዘርጋትና ሻንጣውን ከመሐል ማንጠልጠል ይረዳል፤ ሻንጣው ግን መሬት ካልነካ እንደ ደወል ምላስ እየተወዛወዘ ንዝረቱን ያባብሰዋል። ሸተሩን በጣት ከመጫን ይልቅ የካሜራውን የሁለት ሰከንድ ማዘግያ መጠቀም ከማንኛውም ውድ መሣሪያ እኩል ይጠቅማል።

የመጨረሻው ነገር ሙከራ ነው። እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ይዘርጉ፣ ምሰሶው ዝቅ ይበል፤ መዳፍ በአናቱ ላይ አርፎ ወደ ጎን ሲጠመዝዝ እግሮቹ እንደ ገመድ የሚገመዱ ከሆነ ያ መሣሪያ ደካማ ነው። ቀጥሎ ካሜራው ከረጅሙ ሌንስ ጋር ይገጠም፤ በመስታወቱ ላይ ምስሉ አሥር እጥፍ ጎልቶ እየታየ አንዱ እግር በጣት ይነካና ምስሉ እስኪረጋ ድረስ ያለው ጊዜ ይቆጠር። መሣሪያውን በዘመድ እጅ ከውጭ የሚያስመጣ ሰውም ይህንኑ ሙከራ በዚያ አገር ያለው ዘመዱ በሱቁ ውስጥ እንዲያደርግለት ይለምን፤ ከደረሰ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። ከሁለትና ከሦስት ሰከንድ በላይ የሚንቀጠቀጥ መቆሚያ ምንም ያህል ቀላል ቢሆን ከሱቁ አይውጣ።